ደረቅ ጣሳ

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሥራ ከመውጣቴ በፊት ጎንበስ ብዬ የቲማቲም ጣሳ ሳይ ኖሬአለሁ። ሌላዋ ሴት ስትወጣ መስታወት ታያለች፤ እኔ ጣሳ። ጣሳዋ የተንጠለጠለችው ከትልቋ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጀርባ፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብላ፣ በሽቦ ታስራ ነው። ውስጧ ደረቅ ከሆነ ደብተሩ ላይ ቀኑን ጽፌ አጠገቡ «ደረቅ» እላለሁ፤ ሽርጤን ሰቅዬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ከሥራዬ ሁሉ ትንሿ ሥራ እሷ ነበረች። ሥራዬንም ስሜንም ያሳጣችኝ ግን እሷው ናት። እሷ ስል ጣሳዋን ማለቴ ነው፤ ወደ ሰውየው ገና እመጣለሁ።

ማሽኗን አሮጊቷ እንላታለን። የሥራ ቤታችን የሆስፒታል አንሶላና የሆቴል የጠረጴዛ ልብስ የሚያጥብ ቤት ነው። ሁለት ትንንሽ ማሽኖች አሉን፤ እነሱ ለፎጣና ለትራስ ልብስ ናቸው። አሮጊቷ ግን በአንድ ጊዜ ሃምሳ ኪሎ ትውጣለች። ዕድሜዋ ከእኔ ዕድሜ አይተናነስም። እግሯ በሲሚንቶ ውስጥ በተቀበሩ ስምንት ብሎኖች ታስሯል፤ ባይታሰር ኖሮ ልብሱን ስትጨምቅ ግድግዳውን ጥሳ መንገድ ላይ ትወጣ ነበር።

እንደ አሁኖቹ ማሽኖች ኮምፒውተር የላትም። ያላት አንድ ሞተር፣ እንደ ቀበቶ የሚዞር ሦስት የጎማ ቺንጊያና ከጀርባዋ የጋሪ ጎማ የሚያህል መዘውር፣ ፑሌጃ የምንለው፣ ነው። ሞተሩ ቺንጊያውን ይስባል፣ ቺንጊያው ፑሌጃውን ያዞራል፣ ፑሌጃው በወፍራም የብረት ዘንግ ላይ ያለችውን ባለ ቀዳዳ በርሜል ያሽከረክራል። አዛዧ ደግሞ ጎኗ ላይ ባለ ሳጥን ውስጥ በዝግታ የሚዞር ጥርሳም ዘንግ ነው። አንዱ ጥርስ አንዱን ማብሪያ ይገፋል፣ ጠቅ፣ ውሃ ይገባል። ሌላው ጥርስ ሌላውን ይገፋል፣ ጠቅ፣ በርሜሏ ወደ ግራ ትዞራለች። ጠቅ፣ ቆም ትላለች። ጠቅ፣ ወደ ቀኝ። ውሃው ልኩ ላይ መድረሱን የምታውቀው በጎኗ በወረደ ቀጭን ቱቦ ውስጥ የታመቀው አየር ሽቅብ ሲገፋ ነው። የፍሳሽ መክደኛዋ መብራት እስካለ ዝግ ነው፤ መብራት ሲጠፋ በራሱ ይከፈትና የያዘችውን ሁሉ ዘርግፋ ትቆማለች። ይሄን ጠባይዋን እወደው ነበር። ምንም ነገር አትደብቅም።

ሥራዋን ያስተማሩኝ ጋሽ ግሪሶ ናቸው። ስማቸው ሌላ ነበር፤ እጃቸው ግሪሶ፣ ያ የማሽን ቅባት፣ ሳይነካው ውሎ ስለማያውቅ ሁላችንም እንደዚያ አልናቸው፤ እሳቸውም ወደዱት። የተቀጠርኩ ሰሞን ወደ ማሽኗ ጀርባ ወሰዱኝና ከፑሌጃው በስተጀርባ፣ ዘንጉን ከያዘው ወፍራም ብረት ሥር ያለች እርሳስ የምታስገባ ቀዳዳ አሳዩኝ።

«ይቺን አየሻት?» አሉኝ። «በወዲያ በኩል ውሃ የሚያግድ ጎማ አለ። በወዲህ በኩል ኩሽኔታው አለ፣ ዘንጉን ተሸክሞ የሚያዞረው። ጎማው ያረጀ ዕለት ውሃ ሾልኮ ያልፋል። ኩሽኔታው ጋ ከመድረሱ በፊት ግን በዚች ቀዳዳ ወደ ውጭ ይንጠባጠባል። ጠብታ ካየሽ ጎማው ይቀየር፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ካላየሽ ውሃው ግሪሶውን አጥቦ ኩሽኔታውን ይበላዋል። ያኔ አሮጊቷን አልቅሰሽ ቅበሪያት።»

ጣሳዋን ያንጠለጠሉት እሳቸው ናቸው። ደብተሩንም የጀመሩት እሳቸው ናቸው። ማሽን የምታሠራዋ ታያለች፣ ትጽፋለች፤ መካኒኩ ያነብባል፣ ይጠግናል። ሥርዓቱ ይሄው ነበር።

አሁን ወደ ሰውየው። ሰውየው ወንድሜ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ሦስት ልጆች አሉት፣ ግንባሩ መመለጥ ጀምሯል፤ ቤታችን ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው። አባታችን ሲሞት እሱ የአራት ዓመት ልጅ ነበር፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ። ትምህርቴን ጥዬ ያገኘሁትን ሥራ ሁሉ ሠራሁ፤ በመጨረሻ እዚህ ገባሁ። ጫማውን የገዛሁለት እኔ፣ ደብተሩን የሸፈንኩለት እኔ፣ ሲታመም ያዘልኩት እኔ። ውለታ መቁጠር አልወድም፤ ዛሬ ግን እቆጥራለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ጋሽ ግሪሶን እግራቸው ሥር ወድቄ «አስተምሩልኝ» አልኳቸው። አስተማሩት። እጁ ጥሩ ነበር። እሳቸው በጡረታ ሲሰናበቱ መካኒኩ እሱ ሆነ። እኔ ከማሽኗ ፊት፣ እሱ ከማሽኗ ኋላ። ሰው ሲያየን እንዴት ደስ ይል ነበር መሰላችሁ!

ነገሩ የተበላሸው አንድ ሻጭ የአዳዲስ ማሽኖች ሥዕል ይዞ ከመጣ በኋላ ነው። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ምላሱ ከጫማው የባሰ የሚያብረቀርቅ ሰውዬ ነበር። የቤቱ ባለቤት፣ ማዳም የምንላቸው፣ ሥዕሉን አገላብጠው አዩና መለሱለት። «አሮጊቷ እየዞረች አዲስ አልገዛም። የሞተች ዕለት ና» አሉት። ሳቅን። ማሙሽም ሳቀ። ሻጩን እስከ በር የሸኘው ግን እሱ ነው፤ በር ላይም ብዙ ቆሙ። ከዚያ በኋላም ሰውዬው ሁለት ሦስት ጊዜ መጥቶ ከእሱ ጋር ሻይ ሲጠጣ አይቻለሁ። ወንድሜ ሰው ይወድዳል አልኩ። እኔ ሞኟ።

አንድ ማክሰኞ ከሥራ ልወጣ ጎንበስ ስል ጣሳዋ ውስጥ አራት ጠብታ አየሁ። ማሙሽን ጠራሁት። አየና ከንፈሩን ነከስ አደረገ።

«እታለም፣ ዛሬን ደረቅ ብለሽ ጻፊልኝ» አለኝ።

«ምን ነካህ? አራት ጠብታ አለ እኮ።»

«አውቃለሁ። ግን ባለፈው ወር ነው ሰርቪስ ያደረግኳት። ማዳም ይሄን ቢያዩ ምን ስትሠራ ነበር ይሉኛል። ነገ ጎማውን እቀይራለሁ፤ አለቀ፣ ደቀቀ። ማን ያውቃል?»

ጻፍኩ። ለወንድሜ ነዋ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እዚያ ደብተር ላይ የጻፍኩት ውሸት ያ አንድ ቃል ብቻ ነው።

በማግስቱ «ጎማውን ስቀይር ማሽኗ ስለምትቆም ሥራ የለሽም፤ በጊዜ ግቢ» አለኝ። ገባሁ። ሐሙስ ጠዋት ስመጣ አሮጊቷ ትዞራለች፣ ጣሳዋ ደርቃለች። ዓርብም ደረቅ። የሚቀጥለው ሳምንትም ደረቅ። ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ አንዲት ጠብታ አልነበረባትም። እሁድ ምሳ ላይ እናታችን ፊት «ልጅሽ እኮ ከጋሽ ግሪሶ በለጠ፣ እጁ ይባረክ» አልኩ። እማዬ ሾርባ ትቀዳ ነበር። ማሙሽ ዳቦውን እየቆረሰ ፈገግ አለ።

ድምፅዋ ግን ልክ አልነበረም። ከአምስተኛው ሳምንት በኋላ ልብስ ስትጨምቅ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው ዓይነት ድምፅ ታወጣ ጀመር። ፊት ለፊቷ ሃያ ስድስት ዓመት የቆመ ሰው ሳሏንም ማንኮራፋቷንም ያውቃል። ለማሙሽ ነገርኩት። ጆሮውን አስጠጋና «ቺንጊያው ላልቶ ነው» አለ፤ አጠበቀውም። በሳምንቱ ደግሜ ነገርኩት። «እታለም፣ አንቺ ደግሞ! ማሽን ነው፣ ይጮሃል» ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ጣሳዋን አየሁ፤ ደረቅ። ጣሳዋ ደረቅ ከሆነች ኩሽኔታው ደህና ነው። የተማርኩት እንደዚያ ነው። ከጆሮዬ ይልቅ ጣሳዋን አመንኩ፤ ከጣሳዋ ይልቅ ደግሞ ወንድሜን።

ዘጠኝ ሳምንት በሞላ ሐሙስ ጠዋት የሆስፒታሉን አንሶላ እያጠበች ነበር። መጭመቅ ስትጀምር ቤቱ ተናወጠ። ወዲያው ብረት ብረትን ሲፍቅ የሚወጣ ጩኸት ተሰማ፤ ቺንጊያው ያለቦታው እየተፋተገ ጥቁር ጭስ አወጣ፤ የተቃጠለ ጎማ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ሮጬ ቀዩን ቁልፍ መታሁት። በርሜሏ ወደ አንድ ጎን ተንጋዳ ቆመች። ውሃዋን ዘርግፋ ዝም አለች። የማጠፊያ ክፍሏ ሴቶች በሩ ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይዘዋል። እኔ አለቀስኩ። ለብረት የምታለቅስ ሴት አይታችሁ ካላወቃችሁ ያን ዕለት እኔን ማየት ነበረባችሁ።

ማሙሽ ቺንጊያዎቹንና ፑሌጃውን አወረደ። ኩሽኔታው ዝጎ፣ ተሰባብሮ፣ ቀይ ጭቃ ሆኗል። «ውሃ ገብቶበት ነው፤ ጎማው አርጅቶ ነበር» አለ ማዳም እየሰሙት። ማዳም ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ጣሳው ታዲያ?» አሉ። «ነገ ጠዋት ደብተሩን ይዘሽ ነይ» ብለውኝ ወጡ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ሲወጣ እኔ ቀረሁ። ምግብ አላሰኘኝም፤ ቢያንስ ገላዋን ልጥረግላት ብዬ ጨርቅ ያዝኩ። ፑሌጃው ስለተነሳ ጀርባዋ ተራቁቷል። ተንበርክኬ ከወፍራሙ ብረት ሥር ያለችውን ቀዳዳ ፈለግኩ። ቀዳዳዋ የለችም። በጣቴ ዳበስኩ። ቀዳዳዋ መሆን ባለባት ቦታ ላይ አንዲት አጭር ብሎን አለች። ጭንቅላቷ ተቆርጧል፤ ከብረቱ ጋር እኩል እስክትሆን ሞርደዋታል፤ ላይዋ ላይ ቀለም ተቀብታለች። ውሃ እንዳያሳልፍ ቧንቧ ላይ የሚጠመጠመው ነጭ ፕላስቲክ ከጎኗ ትንሽ ብቅ ብሏል።

ሥራው ንጹሕ ነበር። ከሁሉ ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ጥድፊያ የለበትም፣ ስህተት የለበትም። ቁጭ ብሎ፣ አስቦ፣ ለክቶ የሠራው ሥራ ነው። እንዲህ አድርጎ የሚሞርድ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ ሞረድ መያዝ እንዲማር የለመንኩለትም እኔ ነኝ። በካቻቢቴ ጫፍ ጠርዟን እየገፋሁ አዞርኳት፤ ብቅ ስትል በጉጠት ታግዬ ነቀልኳት። ስትወጣ የዛገ ቀይ ውሃ እጄ ላይ ፈሰሰ። ዘጠኝ ሳምንት የታገተ ውሃ። ጣሳዋ የደረቀችው አሮጊቷ ስለዳነች አልነበረም።

ማሙሽ ከምሳ ሲመለስ መተኮሻ ክፍሉ በር ላይ ጠበቅኩት። መዳፌን ከፍቼ ብሎኗን አሳየሁት። ደነገጠ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋና «ማን አየ?» አለኝ።

«እኔ አየሁ! እኔ ሰው አይደለሁም?»

«እታለም፣ ቀስ ብለሽ አውሪ።»

«ጎማውን ቀይሬአለሁ አላልክም?»

«ልቀይረው ነበር» አለ፤ አንገቱን አከከ። «አስቢው እስቲ። አሮጊቷ ዛሬ ባትሞት ነገ ትሞታለች። በእሷ ቦታ አራት አዳዲስ ማሽኖች ከተገዙ የሻጩ ድርጅት ቴክኒሻን እኔ ነኝ። ተጽፎ አልቋል። መኪና ይሰጡኛል። ሦስት ልጅ ይዤ እስከ መቼ እዚህ ግሪሶ ስልስ እኖራለሁ?»

«እኔስ?»

አላሰበበትም እንዳልል መልሱ ምላሱ ላይ ነበር። «አንቺ ታርፊያለሽ። ጉልበትሽ እኮ አልቋል። ነገ ማዳም ሲጠይቁሽ ጣሳዋን ሳላይ ነው የጻፍኩት በያቸው፤ አለቀ። ደክሟት ነው ይላሉ፤ ማንም አይቆጣሽም። እኔ ከታወቀብኝ ግን ከዚህም ከዚያም ሳልሆን እቀራለሁ። ደግሞ እማዬን አስቢ። ልቧን ታውቂዋለሽ። ይሄን ብትሰማ አንድ ሌሊት አታድርም።»

በጥፊ ላጮለው እጄ ተነሳ። ግን የተነሳው እጅ ያው ሲያጎርሰው የኖረ እጅ ነው፤ መሃል ላይ ቀረ። ባጎረስኩ ተነከስኩ ሲባል እሰማ ነበር፤ ንክሻው እንዲህ ጥርስ እንዳለው አላውቅም ነበር። ብሎኗን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። በኋላ ሳስበው ሻጩ የሞተችውን ማሽን ለማየት ከመምጣቱ በፊት፣ ማሙሽ ያን ዕለት ማታ ብሎኗን ሊነቅላት አስቦ ኖሯል። በአንድ ምሳ ሰዓት ነው የቀደምኩት።

በማግስቱ ጠዋት ማዳም ቢሮ ገባን። ማዳም ደብተሩን ከፍተው በጣታቸው ወደ ታች ይወርዳሉ። ደረቅ። ደረቅ። ደረቅ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ የእኔው እጅ ጽሑፍ እኔኑ ይዞ አልለቅ አለ።

«ውሃው ወርዶ ወርዶ ኩሽኔታ እስኪበላ ድረስ ይቺ ጣሳ ደረቅ ነበረች?» አሉኝ። «አይተሽ ነው የጻፍሽው?»

አፌን ስከፍት ማሙሽ ቀደመኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደሚያዝን ሰው። «ማዳም፣ አይቆጧት። ዓይኗ ደክሟል። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ዞሬ ማየት ነበረብኝ። እህቴን አመንኩ።»

እህቴን አመንኩ አለ። አባባሉን ሰማችሁት? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንኳ እንዲህ አሳምሮ የሚያላክክ አላየሁም። ጣቴ ኪሴ ውስጥ ብሎኗን ጨብጧል። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነበር የቀረኝ። ግን እማዬ ታየችኝ። ደረጃ ስትወጣ ደረቷን ይዛ ስትቆም፣ ኪኒኗን በውሃ ስትውጥ። ልጇ ሌባ ሆነ ከምትባል እኔ ዝርክርክ ብባል ይሻላል አልኩ። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

«ሳላይ ነው የጻፍኩት» አልኩ።

ማዳም ደብተሩን ዘጉ። አልጮሁም፤ ቢጮሁ በተሻለኝ። «የሌላ ሰው ደብተር ቢሆን በየሳምንቱ አየው ነበር» አሉ። «ያንቺ ስለሆነ ነው አንድ ቀን ከፍቼ የማላውቀው።» ከዚያ ከዛሬ ጀምሮ እንዳልመጣ ነገሩኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ሽርጤን ሰቀልኩ፤ ብሎኗን ወደ ቀሚሴ ኪስ አዛወርኳት። በማጠፊያ ክፍሉ ሳልፍ ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ አንሶላ በጣም እንዳሳሰባቸው ሁሉ ያጥፋሉ። ስንቷን እኔ ነኝ ሥራ ያለማመድኳት።

መንገዱን እንዴት እንደሄድኩት አላውቅም። ቤት ስደርስ እማዬ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን አቅርባ ተቀምጣለች። በሥራ ቀን፣ በቀትር መምጣቴ ምንም አላስገረማት። ለሷ እንዴት እንደምነግራት መንገድ ሙሉ ስጨነቅ መጥቼ፣ እሷ ቀለል አድርጋ «ነይ ቁጭ በይ የኔ ልጅ» አለችኝ። «ማሙሽ ደውሎ ነበር። ሰማሁ።»

«ምን አለሽ?»

«ማሽኗ እንደተበላሸች፤ አንቺም እንድታርፊ እንደተደረገ። ማዳምን ለምኖልሻል አሉ፣ እንዳይቆጡሽ።»

ለምኖልኛል። ሾርባውን ማንኪያ ላይ ቀዳሁ። የሾርባውን ካሮት ትናንት ከገበያ ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እማዬ ጥሩ ትበላ ነበር፤ ፊቷም አልጠቆረም። ደስ አለኝ። እሷን ማትረፌ ነው አልኩ፤ ይህችን ማንኪያ በሰላም እንድታነሳ ነው ስሜን የሸጥኩት።

«አትብሰልሰዪ» አለችኝ። «ያረጀ ብረት ነው። ያቺ ቀዳዳ ብትደፈንም ባትደፈንም ዓመት አትዘልቅም ነበር።»

ማንኪያዬ አፌ ሳይደርስ ቆመ። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ የልብስ ማጠቢያ ቤቱን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ቀዳዳዋ መደፈኗን የምናውቀው ደግሞ ሁለት ሰዎች ነበርን፣ እኔና ማሙሽ። ማዳም ፊት እንኳ የተነሳው ጣሳዋ ብቻ ነው።

«የቷ ቀዳዳ?» አልኳት።

ዳቦ ቆረሰች። አልበላችውም።

«እማዬ፣ የቷ ቀዳዳ?»

«ያው... እሱ ሲያወራ ነዋ።»

«መቼ ነው ያወራው?»

«ቆይቷል እኮ» አለች፤ ጠረጴዛው ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ በጣቷ ትሰበስባለች። «ገና ሳይደፍናት። ልጁ ጨንቆት መጣና አማከረኝ።»

አማከረኝ አለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እኔ ከማሽኗ ፊት ቆሜ አንሶላ ሳጥብ፣ እናቴና ወንድሜ በዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው በእኔ ላይ ተመካክረዋል።

«እና ምን አልሽው?»

«ምን ልበለው? ሦስት ልጅ አለው። አንቺ የምታበይው አፍ የለብሽ፣ የምታሳድጊው ልጅ የለሽ። ደግሞ አንቺ ትችያለሽ። ድሮም ትችያለሽ፤ አባትሽ ሲሞትም ችለሽዋል። እሱ አይችልም።» ቀና ብላ አየችኝ። «ደግሞ ዝም እንደምትዪ አውቄአለሁ። ለኔ ስትዪ ዝም ትያለሽ ብዬዋለሁ።»

ለልቧ ፈርቼ ነበር። ልቧ ደህና ነበር። ሳህኗንም ጨርሳለች።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ማሙሽ ሲክደኝ ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ቁጣ ደግሞ ሰውን ያቆማል። ይሄኛው ግን መቆሚያ ነው ያሳጣኝ። ልጅ እናቱን ከድቶ ያውቃል፣ ወንድም እህቱን ከድቶ ያውቃል፣ የተለመደ ነው። እናት ከሁለት ልጆቿ አንዷን መርጣ «ይቺ ትቃጠል፣ ይቺ ትችላለች» ስትል የት ይኬዳል? የማበላው አፍ የለኝም አለችኝ፤ የኔን ሾርባ እየበላች። ማልቀስ ፈለግኩ፤ እንባዬ እንኳ አልመጣልኝም።

ተነስቼ ነጠላ ጫማዬን አወለቅኩና የሥራ ጫማዬን መልሼ አደረግኩ።

«ወዴት ነው?» አለችኝ።

«ሥራ ቦታ።»

«ወንድምሽን ልታጋልጪው ነው? እኔ በሕይወት እያለሁ?» ደረቷን ያዘች። ደረጃ ላይ እንደምትይዘው አድርጋ። ሃያ ዓመት ያ እጅ ደረቷ ላይ ሲያርፍ የያዝኩትን ሁሉ ጥዬ ስሮጥ ኖሬአለሁ። ኪኒኗን ከነውሃው አቀረብኩላትና ወጣሁ።

ማዳም ቢሯቸው ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። የሻጩ ሥዕል ጠረጴዛቸው ላይ ተዘርግቷል። ሳልቀመጥ ብሎኗን ሥዕሉ ላይ አስቀመጥኩላቸውና ከአራቱ ጠብታ ጀምሬ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ደብተሩን አንስቼ ያቺን ማክሰኞ አሳየኋቸው። «ውሸቱ ይሄ አንድ ቀን ብቻ ነው» አልኩ። «እሱ የኔ ነው፤ ስለሱ ይቅጡኝ። ከሱ በፊት ያለውንም ከሱ በኋላ ያለውንም ሁሉ አይቼ ነው የጻፍኩት። ጣሳዋ ደረቅ ነበረች።»

ብሎኗን አንስተው ወደ መስኮቱ አስጠጓት። የተሞረደውን ጎን አዩ፤ ነጩን ፕላስቲክ በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉ። በሩን ከፍተው «ማሙሽን ጥሩልኝ» አሉ። ተመልሰው ተቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ጠዋት እዚህ ስትቆሚ ይሄ ኪስሽ ውስጥ ነበር?»

«ነበር።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ? ስምሽን በገዛ እጅሽ ከምታጠፊ ለምን አላወጣሽውም?»

ደረጃው ላይ የማሙሽ እርምጃ ይሰማል፤ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ነው የሚወጣው።

«ጠዋት እናት ነበረችኝ» አልኳቸው።